የወረታ ሕዝብ ስንት ነው? (የኢንተርኔት ውይይት ክሩ ከ23 መልሶቹ ጋር)

ክሩን የከፈተው ሰው ጠያቂ ቢመስልም ቁጥሩን በእጁ ይዞ ነው የመጣው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የወረታ ነዋሪ 228 ሺህ ገደማ እንደነበር በክሩ ርእስ ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የተወለደውና የገባው ሲጨመር ደግሞ ከተማዋ ደሴን ሳታስከነዳ አትቀርም አለ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄድ ወረታን ያለፈ ሰው ይህን አንብቦ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሁለት ጥያቄም አስከትሏል። ከተማዋን ማን ቆረቆራት? ገበሬ ብቻ ባለበት ሜዳ ላይስ ያን ያህል ሰው እንዴት ተሰበሰበ?

1ኛው መልስ በጨዋ ደንብ ነው የተጻፈው፤ እርስዎ እያለ ይቀጥላል። 228 ሺህ የተባለው ወረታ መቀመጫው የሆነችለት የመላው ፎገራ ወረዳ ሕዝብ ነው፤ ከጣና ዳር አንስቶ ወደ ፋርጣ እስከሚወጣው ደጋ ድረስ ያለው ገበሬ ሁሉ ተደምሮበታል። ወረታ ከተማ በዚያው ቆጠራ ከ20 ሺህ ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ነበራት። የሠንጠረዡን አነባበብም ያሳያል። መጀመሪያ የወረዳው ጠቅላላ ድምር ይመጣል፣ ከሥሩ ከተማና ገጠር ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ብዙ ሰው የላይኛውን መስመር አይቶ ገጹን ይዘጋል። የከተማ የሚለው ዓምድም ቢሆን የወረዳው ትንንሽ ከተሞች ድምር ስለሆነ ወረታ ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ዓለም በርን በምሳሌነት ጠቅሷል።

ከፋቹ በ2ኛው መልስ አመስግኖ ስህተቱን ተቀበለ። ርእሱን ግን አላስተካከለም፤ ይህ ኋላ ጣጣ አምጥቶበታል።

3ኛው መልስ የመጣው ቆጠራውን ከውስጥ ከሚያውቅ ሰው ይመስላል። ከተማ የሚባለው ምንድን ነው ብሎ ይነሳል። በቆጠራው አሠራር የክልል፣ የዞንና የወረዳ መቀመጫ የሆነ ሁሉ የሕዝቡ ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን ከተማ ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ያለውም እንዲሁ። ከእነዚህ ውጭ ያለ ሰፈር ግን 1,000 ሰው ሊኖረውና አብዛኛው ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ ሊተዳደር ይገባል። ስለዚህ ወረታ የወረዳ መቀመጫ በመሆኗ ብቻ ከተማ ናት፤ ከነዋሪዎቿ ስንቱ ሞፈር ጨብጦ እንደሚውል አይታይም። ቆጠራው የሚካሄደው እያንዳንዳቸው ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ በሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍሎ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ሲሰፋ በዙሪያው ያሉ የገበሬ ቀበሌዎች ወደ ከተማው ይገባሉ። በሬውን ያልሸጠ፣ ማሳውን ያልተወ ገበሬ በአንድ ደብዳቤ የከተማ ነዋሪ ይሆናል ማለት ነው። የሁለት ቆጠራዎች ልዩነት ትልቅ ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ ወሰኑን ማየት እንጂ ወሊዱን መቁጠር አይገባም ይላል። በእኔ ግምት ክሩ እዚህ ላይ ቢቆም የቁጥሩ ጥያቄ ተመልሷል።

አልቆመም። 4ኛው መልስ በገበያ ቀን መንገዱ እስኪዘጋ የሚጎርፈውን ሰው አንስቶ፣ 20 ሺህ የሚለውን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የተጻፈ ቁጥር አለው። 5ኛው ረጋ ብሎ አስረዳ። ቆጠራው የሚይዘው የዘወትር ነዋሪን ነው፤ መለኪያውም ስድስት ወር ነው። ቦታው ላይ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ወይም ለመቆየት አስቦ የመጣ ይቆጠራል። ለገበያ ገብቶ ማታ የሚመለስ፣ ለሩዝ አረም በሐምሌ ወርዶ ሥራው ሲያልቅ ወደ ደጋው የሚወጣ፣ ለአጨዳ በኅዳር የሚመጣ የቀን ሠራተኛ የሚቆጠረው በቀዬው ነው። ቤት ተከራይቶ ዓመቱን የሚቀመጥ ተማሪ ግን ወረታ ላይ ይቆጠራል፤ ገጠር ያሉ ወላጆቹ ከቤተሰቡ ጋር ካስመዘገቡት ሁለት ጊዜ ይገባል። ቆጣሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ማን ቤት ያድራል ብሎ ሳይጠይቅ ስንት ልጅ አላችሁ ብሎ የጠየቀ ቆጣሪ ቁጥሩን ያበላሻል።

6ኛው መልስ ቆጠራ አያስፈልግም ባይ ነው። ከሳተላይት ፎቶ ላይ ጣሪያ መቁጠርና በአምስት ማባዛት ይበቃል ብሎ፣ 9,000 ጣሪያ ቢገኝ 45 ሺህ ሰው ማለት ነው ሲል በምሳሌ አሳየ። 7ኛው እርስዎ የሚለውን እዚህ ላይ ትቶ አንተ ብሎ ጀመረ፤ የክሩ ጠባይ የተለወጠውም ከዚህ በኋላ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ በአማራ ክልል አንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.3 ሰው ነበረው፤ በገጠር 4.5፣ በከተማ ግን 3.3 ብቻ። በአምስት ማባዛት የሚሉት ልማድ ከየትም የመጣ አይደለም ይላል። ጣሪያ ሁሉም ቤት አይደለም፤ ማድ ቤቱ፣ የእህል መጋዘኑ፣ የሩዝ መፈልፈያው፣ የመንገድ ዳር ሱቁ ሁሉ ከላይ ሲታይ ያው ቆርቆሮ ነው። ከ9,000 ጣሪያ ሩቡ መኖሪያ ካልሆነ 6,750 ይቀራል፤ በ3.3 ሲባዛ 22 ሺህ ገደማ ይወጣል። ከ45 ሺህ እኩሌታ በታች ነው። በተቃራኒው የሚያሳስተውንም አልደበቀም። በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር በተርታ የተከራዩ አራትና አምስት ክፍሎች ካሉ አንድ ጣሪያ አምስት ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ የኪራይ ቤት የሚበዛበትን ሰፈር በእግር ሄዶ በር መቁጠር እንጂ ከሰማይ መገመት አይሆንም።

8ኛው መልስ ስሌቱን ወደ ዛሬ አመጣው። በአገሪቱ የተደረጉት ቆጠራዎች ሦስት ናቸው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። አራተኛው ተደጋግሞ ተላልፎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀስ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ትንበያው ደግሞ የሚቆመው በዓመታዊ ዕድገቱ ላይ ነው። መነሻውን 21 ሺህ እናድርገውና እስከ 2017 ዓ.ም. 18 ዓመት እንቁጠር ይላል። ለክልሉ በወጣው 1.7 በመቶ ካደገች 28 ሺህ ተኩል ገደማ፣ በአገር አቀፉ 2.6 በመቶ ከሄደች 33 ሺህ፣ ከተሞች ከገጠር ፈጥነው ስለሚያድጉ 4 በመቶ ቢያዝ 42 ሺህ ተኩል። ከአንድ መነሻ ሦስት ከተማ ወጣ። የክልሉ 1.7 በመቶ ራሱ ውጤቱ ይፋ በሆነበት ጊዜ ምክር ቤት ውስጥ ጭምር ክርክር ያስነሳ ቁጥር መሆኑን አስታውሶ፣ ትንበያ የሚጠቅስ ሰው የተጠቀመበትን መጣኔ አብሮ ይጻፍ አለ። ከዚህ በኋላ ስለ ቁጥር የተጻፈ አዲስ ነገር የለም። አንድ ሁለት ሰው ብቻ ርእሱን ብቻ አንብቦ መጥቶ 228 ሺህ ውሸት ነው ብሎ ተሳድቦ ሄዷል።

ወደ ታሪኩ የዞረው 9ኛው መልስ ነው። ወረታን የሠሯት ቻይናዎች ናቸው፤ መንገዱንም ሩዙንም ይዘው መጡ ብሎ በሁለት መስመር ዘጋው። 10ኛው ቻይናንና ሰሜን ኮሪያን መለየት ያቃተው ሰው ታሪክ ባይጽፍ ይሻላል ሲል ነከሰው። ጠቃሚው 11ኛው ነው። ቻይናዎች የሠሩት ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን፣ 300 ኪ.ሜ. የሚጠጋውን መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ከተመለሱ በኋላ የመጣ ዕርዳታ ሲሆን ሥራው ተጀምሮ ያለቀው በደርግ ዘመን ነው፤ እስከ ዛሬም ሰዉ ቻይና መንገድ ይለዋል። ሩዙ ግን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሥራ ነው። በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ተሞከረ፤ ሜዳውን የሞላው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ዘሩ ገበሬው እጅ ቀረ። ወረታ ለመንደር የማይገባ ሕዝብ ያገኘችው ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ስለገጠሙ ነው ባይ ነው። መገንጠያው መኪናውን አቆመው፣ ሩዙ መኪናው የሚጭነውን ሰጠው።

12ኛው መልስ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሜዳው ሰው ከተማ ቢባል የሚጠራው ወረታን አይደለም። በሰሜን በኩል ይፋግ ነበረች፤ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት ትልቅ ገበያ። በደቡብ ጣና ዳር ቆራጣ ነበረች፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳም በ1866 እ.ኤ.አ. ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲላላክ የሰነበተባት። ሁለቱም የቅፍለትና የታንኳ ከተሞች ናቸው፤ አንዷ በበቅሎው መንገድ፣ ሌላዋ በጣና ላይ የምትኖር። የመኪና መንገድ ሲመጣ በቅሎው የሚያድርበት ቦታ ትርጉም አጣ። ይፋግን ጎረቤቷ አዲስ ዘመን ዋጠቻት፣ ቆራጣም ከአስፋልቱ ርቃ ቀረች። ስለዚህ ወረታን ማን ቆረቆራት ብሎ የአንድ ሰው ስም መፈለግ አያዋጣም ይላል፤ አንድ ደጃዝማች ድንኳን ተክሎ የመሠረታት ከተማ አይደለችም።

13ኛው በስሟ መጣ። ወረታ ማለት የውለታ ምላሽ ነው፤ ወረታ ከፈለ፣ ወረታ መለሰ እንደሚባለው፤ ስለዚህ አንድ ንጉሥ ለባለውለታው የሰጠው አገር መሆን አለበት አለ። በዚያው መልስ ሥር አንድ ሰው የቃል መመሳሰል ርስት አያወርስም ብሎ አለፈው።

የክሩ ግማሽ ከዚህ በኋላ ሩዝ ነው። ከተማው ያለ ሩዙ አይገባምና ቅር አይልም። 14ኛው መልስ ዓመቱን በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ዋልካውን፣ ማለትም ጥቁሩን የሸክላ አፈር፣ ሦስትና አራት ጊዜ አርሶ በሰኔ መዝራት፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ በእጅ ማረም፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ማጨድ። ቀኑ ከዘገየ ችግሩ ዝናብ ማጣት ብቻ አይደለም። አበባው ከጥቅምት ቁር ጋር ይገጥማል፤ ዘለላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲነኩት ፍሬ የለውም። ሩዝ ፍሬ ሲይዝ አንገቱን ይደፋል፤ በጊዜው አንገቱን ያልደፋ ማሳ ባዶ ነው። አጨዳው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጓያ በቆመው ሩዝ መሐል ይበተናል፤ በዋልካው ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። 15ኛው ዘሩ ላይ ነው የተከራከረው። በብተና በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ሲፈስ በመስመር ከ60 እስከ 80 ይበቃል፤ በመስመሮቹ መካከል ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከተተወ አራሚ ሳይረግጥ ይገባል። ገበሬው ይህን ሳያውቀው አይደለም፤ ሰኔ ላይ ዋልካው እግር ሲይዝ መስመር የሚያወጣ የሰው ኃይል ስለሌለው ነው የሚበትነው አለ። ስለ ጓያም ጣል አድርጓል። ለወራት ዋና ምግብ ካደረጉት እግር ይሰብራል፤ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ነው የሚሻለው።

16ኛው መልስ መፈልፈያ ቤት ውስጥ የሚውል ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ከ60 እስከ 65 ኪሎ ይገኛል፤ 20 ኪሎ ያህሉ ቅርፊት፣ 10 ያህሉ ፉርሽካ ነው። ገዢ ስብርባሪ በዛበት ብሎ ዋጋ ሲቀንስ ጥፋቱ የሚጣለው ማሽኑ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አውድማው ላይ ነው የተበላሸው። እርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ ሲሆን መፈልፈል አለበት። ቀን በፀሐይ ክው ብሎ የደረቀ እህል ሳይሸፈን ካደረ ጤዛውን ይጠጣል፤ በዚያ ጊዜ ፍሬው ከቅርፊቱ ውስጥ ሳለ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። መድኃኒቱ ከመሬት ሳይሆን ከሸራ ላይ፣ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት አስጥቶ ማገላበጥና ማታ ማታ መሸፈን ነው። በአንድ ማስገቢያ ቅርፊቱንም ፉርሽካውንም አንድ ላይ የሚገፈው አሮጌ ማሽን ጎማ ጥቅልል ካለው የበለጠ እንደሚሰብር አልሸሸገም። ቅርፊቱ ከከተማው ዳር ተራራ ሆኖ ይቆማል፤ ነፋስ ሲነሳ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ለጡብ ማቃጠያና ለምጣድ ማገዶም ይሄዳል።

ስብርባሪው ሲነሳ ክሩ ወደ ማጀት ገባ። 17ኛው ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ እንጀራ አይደለም አለ። 18ኛው ሴት ናት፤ ወንድሜ፣ ጤፍ በስንት እንደሚሸመት ገበያ ወጥተህ ታውቃለህ ብላ ጀመረች። ከሦስት እጅ አንዱ ሩዝ ከሆነ እንጀራው ይነጣል፣ ዓይኑም ይወጣል። ግማሽ ካለፈ ግን በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል፤ ዱቄቱ ሻካራ ከሆነ አብሲቱን ማብዛት ነው እንጂ ውኃ መጨመር አይረዳም። ማንም አልመለሰላትም።

19ኛው መልስ የተቆጣ ነው። ፎገራ የሚታወቀው በሩዝ ሳይሆን በጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ላሙ ነበር፤ የግጦሹን ሜዳ አርሳችሁ ዘሩን አጠፋችሁት፣ ዛሬ ንጹሕ የፎገራ ላም ለማየት አንዳሳና መተከል ያሉ ማርቢያዎች ድረስ መሄድ ሊኖርብን ነው አለ። 20ኛው ቁጣው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል ሲል መለሰ። ሩዝ ሳይስፋፋ በፊት ሜዳውን የወረረው አሜኬላ ነው፤ ውኃ በሚተኛበት ቦታ ይበቅላል፣ እሾኹ ከብት አያስጠጋም፣ ከሥሩ ያለውን ሣርም ያፍናል። ከማበቡ በፊት ከሥሩ ካልተነቀለ ዘሩ በጎርፍ ተጉዞ ሌላ ሜዳ ይይዛል። በተጨማሪ የሩዝ ጭድ ዛሬ የሜዳው ከብት ዋና መኖ ሆኗል፤ ኃይል የለውም፣ ወተት አይሰጥም፣ ግን ሚያዝያን ያሻግራል። ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አወያዩ ሁለቱን አጥፍቶ አንዱን አስቀርቷል።

21ኛው ስለ ጎርፍ ነው፤ የተጻፈው ባጭሩ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ደለል እያመጡ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይዝላሉ፤ ደለሉ ወለላቸውን ያሳድገዋል፣ ወንዙ ከዳሩ ማሳ ከፍ ብሎ ይፈስሳል። የነሐሴ 1998 ጎርፍ የመጣው እንዲህ ነው፤ የአፈር ካብ መጨመር ለጊዜው ያቆመዋል እንጂ ወለሉ እስካደገ ድረስ ካቡም እያደገ መሄድ አለበት። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የርብ ግድብ ከላይ ያለውን ውኃ ያስታግሣል፤ ከግድቡ በታች የሚገቡትን ጅረቶችና ጉማራን ግን አይነካም።

22ኛው ከተማዋ ወደየት ትስፋ የሚለውን አነሳ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተጣለ መሠረት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን በሰያፍ ከተሰነጠቀ ምክንያቱ ሲሚንቶ ማነሱ አይደለም። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በምርጥ አፈር ተተክቶ በየንብርብሩ ካልተጠቀጠቀ፣ የጣሪያው ውኃም ከመሠረቱ በቦይ ካልራቀ ስንጥቁ ተለስኖ በቀጣዩ ሰኔ ይመለሳል። ለዚህ ወጪ የሌለው ሰው መንገዱ ዳር ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ይጨናነቃል። ወረታ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተዘርግታ ረጅምና ቀጭን ሆና የቀረችው አንድም በዚህ ነው አለ።

በ23ኛው መልስ ከፋቹ ብቅ ብሎ በርእሱ ላይ ያለውን 228 ሺህ ሰርዞ ከ20 ሺህ በላይ፣ 1999 ዓ.ም. ብሎ ጻፈበት። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስቀመጠ፤ የሩዙን ቅርፊት በጅምላ የሚረከብ ጡብ አቃጣይ ያለበትን ሰፈር የሚያውቅ አለ ወይ?